የፈረስ ጉልበት አነባበብ፤ በአንድ የመለኪያ ወረቀት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ሂስ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው በቅኔ፣ በልብ ወለድ ወይም በታሪክ መጽሐፍ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። እኔ ግን ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቼ ዛሬ የማቀርበው ሂስ አንዲት ገጽ ብቻ ባላት ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፏን ያወጣት ዳይናሞሜትር የተባለው፣ በመካኒኮች አጠራር «ዳይኖ» የሚሰኘው የሞተር ኃይል መለኪያ ነው። ደራሲ ስለሌላት ማንም አይጠራጠራትም፤ ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ መሣሪያ ግን አይዋሽም ተብሎ ይታመናልና። የዚህች ጽሑፍ ዓላማም ይህን እምነት መመርመር ነው። መሣሪያው እውነት ሊናገር፣ አንባቢው ግን ሐሰት ሊሰማ እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አስቀድሜ አንድ ቃል ልናገር። በምዕራብ ጎጃም ገጠር በአንድ ፒክአፕ የብዙ ቤተሰብ እህል፣ ማዳበሪያና ሕይወት ይመላለሳል። በፈረስ ጉልበት ቁጥር የተሳሳተ ሰው በጭነት ይሳሳታል፤ በጭነት የተሳሳተም ሰው በቁልቁለት ይከፍላል።

ሀ. ወረቀቱና የወረቀቱ ባለቤት

በፍኖተ ሰላም የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። በቁጠባና በብድር የገዟት ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ አለቻቸው። ከፍኖተ ሰላም በደምበጫ አድርገው ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት ይወጣሉ፤ ሲወጡ ጨው፣ ስኳርና ማዳበሪያ፣ ሲወርዱ ገብስና ድንች ይጭናሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃቸው መክሯቸው መኪናዋን በደጋ ላይ ባለች በአንዲት ትልቅ ከተማ ወደሚገኝ ጋራዥ ወሰዷት። በዚያም የሞተሩ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ተቀየረ። ከመቀየሩ በፊትና ከተቀየረ በኋላ መኪናዋ በዳይኖው ሮለር ላይ ቆማ ተለካች። ከዚያም ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች ያሉበት ወረቀት ተሰጣቸው። በወረቀቱ ላይ በጉልህ የተጻፈው «በፊት 118፣ በኋላ 157» የሚል ነበር። አጎቴ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነው ከሊብሬው ጋር አስቀመጡት። ለጠየቃቸው ሁሉ «39 ፈረስ አስጨመርሁ» ይሉ ነበር።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስሄድ መኪናዋ ከ10 ኩንታል ይልቅ 15 ኩንታል ስትጭን አገኘኋት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ፈረስ ከተጨመረ ኩንታል ቢጨመር ምን ይላል?» አሉኝ። መልሳቸው ለጆሮ የተስተካከለ ስለ ነበረ ለጊዜው የምለው አጣሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ከፈረስ ቤት ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ጋቢናውን ሞላው፤ ፔዳሉም ወደ ታች መስጠም ጀመረ። በማርሽ ይዘው፣ በአንድ የጠጠር ክምር ላይ አስጠግተው አቆሟት። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። እስኪበርድ በተቀመጥንበት ሰዓት ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ይህ ሂስ የተጀመረው በዚያች ድንጋይ ላይ ነው።

ለ. ፈረሱ ከየት መጣ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር አያርሙልንም ነበር። «118 ምን?» ብለው ይጠይቁናል። የአጎቴ ወረቀት ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልነበራትም።

የፈረስ ጉልበት የሚለውን መለኪያ ያስለመደው በ18ኛው ምዕተ ዓመት የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ዋት ነው። የሞተሮቹን ችሎታ ለገዢዎች ለማስረዳት በሚያውቁት በፈረስ ሥራ መሰለላቸው። እንግዲህ ይህ ቃል ከመጀመሪያውም የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የንግድ ቃል ነው። ዛሬም አንድ ዓይነት ፈረስ የለም፤ የእንግሊዙ ፈረስ 745.7 ዋት ሲሆን፣ 75 ኪሎ ግራም ክብደት በሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ በማድረግ የሚተረጐመው የአውሮጳው ሜትሪክ ፈረስ 735.5 ዋት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ፈረስ ስል ሜትሪኩን ማለቴ ነው።

ከዚህ የበለጠው ነገር ግን ፈረሱ የተለካበት ሥፍራ ነው። የዚህች ሃይሉክስ ፋብሪካ የሚናገረው 150 ፈረስ፣ ማለትም 110 ኪሎዋት፣ ሞተሩ ብቻውን ሲለካ በ3,400 ዙር በደቂቃ የሚሰጠው ነው። ዳይኖው የሚለካው ግን ኃይሉ በካምቢዮ፣ በዘንግ፣ በዲፈረንሲያልና በጎማ አልፎ ሮለሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጎማ የተለካ ቁጥር ሁልጊዜ ከሞተሩ ቁጥር ያንሳል። ይህን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሌላም አለ። ፈረስ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም፤ የማዞር ጉልበትና የፍጥነት ብዜት ነው። የማዞር ጉልበቱ በኒውተን ሜትር፣ ፍጥነቱ በዙር በደቂቃ ተይዞ፣ ሁለቱ ተባዝተው ለ9,549 ሲካፈሉ ኪሎዋት ይገኛል። ይኸው ሞተር ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ድረስ 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በ1,800 ዙር ስናሰላው 75 ኪሎዋት፣ ወይም 102 ፈረስ ያህል ይሆናል። በ3,400 ዙር ግን የማዞር ጉልበቱ ወደ 309 ወርዶ ፈረሱ 150 ይሆናል። ጭኖ አቀበት የሚወጣ ሾፌር ዘወትር የሚኖረው በ1,800 ዙር አካባቢ እንጂ በ3,400 አይደለም። እንግዲያስ በጉልህ የሚታተመው የጫፍ ቁጥር ሾፌሩ እምብዛም የማይደርስበት ቁጥር ነው፤ የሚነበበውስ መስመሩ በሙሉ ነበር።

ከቡሬ ጥቂት አለፍ ብሎ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። እዚያ ፈረስ የሚገዛ ሰው የአንድ ቀን ግልቢያ አይቶ ብቻ አይገዛም፤ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ በአቀበትና በቁልቁለት ያስኬደዋል። በሥጋ ፈረስ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ በብረት ፈረስ ላይ አንዲት ቁጥር አይተን መርካታችን የሚያስገርም ነው።

ሐ. አየርና ደጋ

ሞተር ናፍጣ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። አየሩ ደግሞ ወደ ላይ በወጣን መጠን ይሳሳል። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 1,013 ሚሊባር ገደማ ነው። ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ባላት በፍኖተ ሰላም 805 ያህል፣ ወደ 2,100 ሜትር በምትጠጋው በቡሬ 785 ያህል ይሆናል። ይህም ማለት የፍኖተ ሰላም ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በጅቡቲ ወደብ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር ይህን ጉድለት በቀጥታ ይከፍላል። ለብዙ ዘመን የገጠር ወፍጮ ያዞረው ሊስተር ሞተር የዚህ ዓይነት ነው። በየገጠሩ የምናየው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ላንድክሩዘርም እንዲሁ ቱርቦ የለውም። እንዲህ ያለው ሞተር አቀበት ላይ በጥቁር ጭስ ሲያማርር የምናየው ብዙ ጊዜ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ለሚገባው ናፍጣ የሚበቃ አየር ስላጣም ነው።

መ. ቱርቦ የሚያደርገው

ቱርቦ ለዚህ ችግር የተገኘ መድኃኒት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለችው ተሽከርካሪ ደግሞ ንጹሑን አየር ጠቅጥቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። አሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የተገጠመለትን ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። ሞተሩ በስስ አየር ያጣውን ኃይል በቱርቦ መልሶ አገኘ። እንግዲህ ቱርቦ ከመጀመሪያ ፈተናዎቹ አንዱን ያለፈው በደጋ ላይ ነው፤ ለጎጃም እንግዳ መሆን አይገባውም ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንይ። አንድ ቱርቦ በባሕር ወለል 1.0 ባር ይጨምራል እንበል፤ በሲሊንደሩ በር ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት 2.01 ባር ይሆናል። ይኸው ቱርቦ በፍኖተ ሰላም ያንኑ 1.0 ባር ብቻ ቢጨምር ጠቅላላው 1.80 ባር ገደማ ነው፤ ጉድለቱ አንድ አምስተኛ መሆኑ ቀርቶ አንድ አሥረኛ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይህን ተረድቶ 1.2 ባር እንዲጨምር ቢያዝዝ ደግሞ ጉድለቱ ከሞላ ጐደል ይጠፋል።

ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አይደለም። ጠቅላላውን ግፊት ለመጠበቅ ቱርቦው አየሩን በእጥፍ ሳይሆን በሁለት እጥፍ ተኩል መጠቅጠቅ አለበት። የተጠቀጠቀ አየር ይግላል። 25 ዲግሪ የነበረ አየር፣ ከመቶ 70 ውጤታማ በሆነ ቱርቦ እጥፍ ሲጠቀጠቅ 118 ዲግሪ ገደማ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ሲጠቀጠቅ ግን 152 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ይወጣል። ማቀዝቀዣው ይህን ሁሉ ሙቀት ማውረድ ይጠበቅበታል። ስለዚህ በደጋ ላይ ያለ ቱርቦ ጤነኛ ቢመስልም ወደ ችሎታው ጫፍ ተጠግቶ የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ተጨማሪ ሸክም የሚጭንበት ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሠ. የማረሚያው ብዜት

በአንድ ቀን በቆላ፣ በሌላ ቀን በደጋ የተለኩ ሁለት ሞተሮችን ለማወዳደር አንድ የጋራ ሚዛን ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠበብት የማረሚያ ብዜት አወጡ። በዕለቱ የተገኘው ቁጥር በዚህ ብዜት ሲባዛ፣ ሞተሩ በባሕር ወለል አጠገብ ባለ አየር ቢለካ ኖሮ ሊሰጥ የሚችለው ቁጥር ይገኛል ማለት ነው። አሳቡ ትክክለኛና ጠቃሚ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም።

ጥያቄው ግን የትኛው ማረሚያ ለየትኛው ሞተር የሚለው ነው። ዲን 70020 የተባለው የቀድሞው የጀርመን ደንብ 1,013 ሚሊባርን ለዕለቱ ግፊት በማካፈል በሙቀቱም ጥቂት ያስተካክላል። ኤስኤኢ ጄ1349 የተባለው የአሜሪካ ደንብ ሌላ ቀመር አለው። ሁለቱ ቀመሮች በፍኖተ ሰላም አየር ሲሰሉ ከ1.27 እስከ 1.30 የሚደርስ ብዜት ይሰጣሉ። ይህ በራሱ ትንፋሽ ለሚስብ ሞተር እውነቱን ይጠጋል፤ ያጣውን አንድ አምስተኛ ይመልስለታልና። ለቱርቦ ግን ያላጣውን ይመልስለታል። ቱርቦው በራሱ ድካም የሞላውን ጉድለት ማረሚያው ሁለተኛ ጊዜ ይሞላዋል፤ ከአንድ በሬ ሁለት ቆዳ መግፈፍ ማለት ይህ ነው።

ደንብ አውጪዎቹም ይህን አልዘነጉም። አይኤስኦ 1585 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለናፍጣ ሞተሮች ሁለት ቀመር ይሰጣል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር የግፊቱ ንጽጽር እንዳለ ይገባል፤ ቱርቦ ላለው ግን የንጽጽሩ ርቢ ወደ 0.7 ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ በሚያቃጥለው ናፍጣ መጠንም እንደገና ይመዘናል። የናፍጣ ሞተር ማረሚያ ከ0.9 እስከ 1.1 ባለው ወሰን ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ የፈተናው ሁኔታ ሁሉ በግልጽ እንዲጻፍ ያዝዛል። በእኛ ደጋ ላይ በዲን ቀመር ከተገኘው 1.3 አጠገብ ካለ ብዜት ጋር ሲነጻጸር፣ ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደ ተጣሰ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ረ. ወረቀቱን እንደገና ማንበብ

አሁን ወደ አጎቴ ወረቀት እንመለስ። በጉልህ የተጻፈውን ሁሉም ሰው አንብቦታል። በታችኛው ጥግ፣ የጤፍ ቅንጣት በሚያህል ፊደል የተጻፈውን ግን ያነበበው አልነበረም። የመጀመሪያው ልኬት ማረሚያ 1.00 ይላል፤ የሁለተኛው ልኬት ማረሚያ 1.32 ይላል። ከአጠገቡም ግፊት 768 ሚሊባር፣ ሙቀት 20 ዲግሪ የሚል አለ። በዲን ቀመር 1,013 ለ768 ሲካፈል 1.32 ይሆናል፤ ስለዚህ የትኛው ደንብ እንደ ተሠራበትም ታወቀ።

ይህም ማለት «በፊት» የሚለው ቁጥር ሮለሩ እንዳየው ያለ ማረሚያ የቀረበ ሲሆን፣ «በኋላ» የሚለው ግን በ1.32 የተባዛ ነው። 157 ለ1.32 ቢካፈል 119 ይወጣል። እንግዲህ የእውነቱ ንባብ «በፊት 118፣ በኋላ 119» ነው። አጎቴ ከፍለው ያስጨመሯቸው 39 ፈረሶች አንድ ሆነው ተገኙ፤ ያቺ አንዲቱም ጎማው ሲግል ወይም ማሰሪያው ሲላላ ልትመጣና ልትሄድ የምትችል ናት።

ወረቀቱ ውስጣዊ ምስክርም ነበረው። ሁለቱንም ልኬቶች በአንድ ማረሚያ ብናባዛቸው «በፊት» የሚለው 156 ይሆናል። ፋብሪካው ለሞተሩ ለብቻው የሰጠው ግን 150 ነው። ምንም ያልተነካች መኪና ከሞተሯ ከሚወጣው በላይ በጎማዋ አወጣች ማለት ነው። ጎማ ፈረስ አይወልድም። ስለዚህ 1.32 ለዚህች መኪና የማይገባ ማረሚያ መሆኑን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። በአንጻሩ ያለ ማረሚያ የተገኘው 118 አእምሮ የሚቀበለው ቁጥር ነው። ከ150ው በካምቢዮና በጎማ ከመቶ 15 ያህል ቢቀር 127 ይሆናል፤ የቀረው ጥቂት ልዩነት ቱርቦው ሊሞላው ያልቻለው የደጋ ድርሻ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሰ. ሊነሡ የሚችሉ መከራከሪያዎች

አንደኛ፤ «ጋራዡ ሆን ብሎ አታለለ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ይህን አልልም። የዳይኖው ኮምፒዩተር ማረሚያውን በአንድ መጫኛ የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፤ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሌላ ሰው ነክቶት ሊሆን ይችላል። የእኔ ወቀሳ በሰው ልብ ላይ ሳይሆን በአነባበብ ላይ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላልና፣ ሳላጣራ ሰውን ብወነጅል የነቀፍሁትን ጥፋት ራሴ እደግመዋለሁ።

ሁለተኛ፤ «ፕሮግራም መቀየር ከንቱ ነው ወይ?» ለሚለው፣ አይደለም እላለሁ። ናፍጣና የቱርቦ ግፊት ሲጨመሩ ኃይል በእውነት ይጨምራል። ለዚህ ማስረጃው ግን በአንድ ማረሚያ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት የሞተር ሙቀት፣ ከሦስት ያላነሰ ልኬት ተወስዶ መስመሮቹ በሙሉ ሲነጻጸሩ ነው። የቱርቦው ግፊትም አብሮ መመዝገብ አለበት። ግፊቱ ሳይጨምር፣ የሚገባው ናፍጣም ሳይጨምር «ኃይል ጨመረ» የሚል ወረቀት ምክንያቱን ሳይናገር ውጤቱን የሚናገር ምስክር ነው።

ሦስተኛ፤ «ሮለሩ ራሱ ቱርቦን ይበድለዋል» የሚል አዋቂ ሊኖር ይችላል፤ እርሱም እውነት አለው። አንዳንዱ ዳይኖ የሚለካው ከባድ ሮለር ለማፋጠን የፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ብቻ ነው። ሮለሩ ቀላል ከሆነ ሞተሩ በፍጥነት ይወነጨፋል፤ ቱርቦው ግፊቱን እስኪሞላ ድረስ ልኬቱ ያልቃል። ሸክም እየጨመረ ሞተሩን በአንድ ዙር ላይ አጽንቶ የሚይዘው ዓይነት ለቱርቦ የተሻለ ዳኛ ነው። ይህ ግን መከራከሪያዬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ቁጥሩ የመኪናዋ ብቻ ሳይሆን የሚዛኑም ጭምር መሆኑን ያሳያልና።

ሸ. ፈረሱ ለምን ሥራ ይፈለግ ነበር

እስካሁን የተናገርሁት 39ኙ ፈረሶች አለመኖራቸውን ነው። አሁን ደግሞ ቢኖሩስ ኖሮ ብለን እንጠይቅ። ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

መኪናዋ ባዶዋን 2,000 ኪሎ ገደማ ናት፤ 10 ኩንታል ስትጭን 3,000 ኪሎ ትሆናለች። በ100 ሜትር 7 ሜትር በሚነሣ አቀበት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት፣ የጎማውን ሰበቃና ንፋሱን ለመግፋት በድምሩ 43 ኪሎዋት ገደማ ይበቃታል፤ ይህም 58 ፈረስ ያህል ነው። 15 ኩንታል ብትጭን ወደ 68 ትደርሳለች። እንግዲህ መንገዱ በሚፈቅደው ፍጥነት የሚሄድ ሾፌር 118ቱን እንኳ አይጨርሳቸውም። 157 ቢኖራት ትርፎቹ ፈረሶች በጋጣ ታስረው የሚውሉ ናቸው። አጎቴ ያጡት ፈረስ በመሠረቱ አልነበረም፤ ያጡት በቁልቁለት የሚያስፈልገውን ነገር ነው።

በቁልቁለት ላይ ፈረስ አያገለግልም። 3,000 ኪሎ የሆነች መኪና 300 ሜትር ስትወርድ 8.8 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ጉልበት ይለቀቃል፤ ይህ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውኃ አፍልቶ የሚተርፍ ሙቀት ነው። 15 ኩንታል ከሆነ 10.3 ሚሊዮን ይደርሳል። ከዚህ ግማሹን እንኳ ጎማውና በማርሽ የተያዘው ሞተር ቢወስዱት፣ የቀረው ሁሉ የሚገባው በፍሬኑ ውስጥ ነው። የመኪናዋ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲቀየር የፍሬኑ ሸራ አልወፈረም፤ ባሌስትራውም አልተጨመረም፤ ጎማውም ያው ነው። ፋብሪካው የጭነቱን ልክ በአንድ ቶን አካባቢ ሲወስን የሞተሩን ጉልበት ብቻ አይቶ ሳይሆን እነዚህን ሁሉ መዝኖ ነው። «ፈረስ ከተጨመረ ኩንታል ቢጨመር ምን ይላል?» ለሚለው የአጎቴ ጥያቄ በዚያች ቀን ያላገኘሁለት መልስ ይኸው ነው፤ ኩንታሉን የሚሸከመው ባሌስትራው፣ የሚያቆመውም ፍሬኑ ነው፤ ፈረሱ የሚጎትተው ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ባጭሩ ልሰብስበው። የዳይኖ ወረቀት የሚያነብ ሰው ጉልሁን ቁጥር ከማመኑ በፊት አራት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ በምን መለኪያ ነው፤ የተለካውስ በሞተር ነው ወይስ በጎማ? ሁለተኛ፣ ማረሚያው ስንት ነው፤ በሁለቱም ልኬቶች አንድ ነው ወይ፤ ለቱርቦ ሞተርስ የሚገባ ነው? ሦስተኛ፣ የዕለቱ አየርና የቱርቦው ግፊት ተጽፏል ወይ፤ ልኬቱስ ስንት ጊዜ ተደገመ? አራተኛ፣ እኔ በምነዳበት ዙር መስመሩ ምን ይላል? እነዚህን የማይመልስ ወረቀት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል እንጂ ልኬት አይደለም።

ከኮሌጃችን ጋር የሚያያዝ አንድ አሳብም ልጨምር። የምንማረው የፊዚክስ ቀመር ብዙ ጊዜ የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ግን የሚያርሰው፣ የሚፈጨውና የሚነዳው በደጋ ላይ ነው። በየላቦራቶሪያችን የምንሠራውን ሒሳብ በእኛ አየር ግፊት ሠርተን ለመካኒኩና ለሾፌሩ በሚገባ ቋንቋ ብናቀርብ፣ ይህ ከብዙ ጥቅስ የበለጠ አገልግሎት ይመስለኛል። ባሰላሁት ላይ ስሕተት የሚያገኝ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

አጎቴን በተመለከተ፣ ሒሳቡን በፍኖተ ሰላም በቤታቸው ደጃፍ በወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ገንዘቤ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ለዚህ ቀመር አልነበረኝም። ወደ ጋራዡ ደውለው «የመሣሪያው ቅንብር ነው» የሚል መልስ ተሰጣቸው፤ ገንዘቡ አልተመለሰም። በማግሥቱ ግን የፍሬኑን ሸራ አስቀየሩ፤ ከፈረስ ቤት ሲወርዱም 10 ኩንታል ጫኑ። ወረቀቱ አሁንም ከሊብሬው ጋር ነው። ከጉልሁ ቁጥር ሥር ግን በራሳቸው እጅ፣ በእስክሪብቶ፣ «119» ተብሎ ተጽፎበታል።